አያትህ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ከማን ጋር ይሟገቱ ነበር?

የብዕር ጓዳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ ስለ አንድ ጉዳይ ጠይቀውኛል፤ የቤተሰብን ታሪክ ስለ መጻፍ። ክረምቱ ነው መሰለኝ። ዝናቡ ሰዉን ቤት ሲያስቀምጠው ሽማግሌ ያወራል፣ ልጅ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ይጻፋል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ የማንንም ስም አላወጣሁም።

*

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። አያቴ ከዘጠና አልፈዋል። ማታ ማታ የዘር ሐረጋችንን እስከ ጌራ ድረስ ይቆጥሩልኛል፤ አንድም ቀን አይዛነፉም። በስልኬ እየቀዳሁ መጽሐፍ ላደርገው ጀመርኩ። ችግሩ የመጣው ቅጂውን ለአክስቴ ሳሰማት ነው። ሳቀችብኝ። ‹እሱ የሚቆጥረው የአባቱን ወገን ነው፤ ያ የሚኮራበት መሬት የመጣው ግን በእናቱ በኩል ነው። የእሷን ስም ለምን አይጠራም?› አለችኝ። አያቴን ስጠይቃቸው ተቆጡ። የማንን ልጻፍ?»

ልጄ፣ የሁለቱንም ጻፍ። ግን በምን መንገድ እንደምትጽፈው ካላወቅህ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከማሰር አያልፍም።

አያትህ ያንን ቆጠራ የያዙት ልጅ ለማጫወት ብለው አይደለም። ለመሬት ነው። በመንዝ አንድ ሰው ርስት ይገባኛል ሲል ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት የመንዝ ክፍሎች ስማቸው ራሱ ከነዚሁ አቅኚ ከሚባሉት አባቶች የመጣ ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለማጨድ እንኳ ከአቅኚዎቹ ዘር መቆጠርን ይጠይቅ ነበር። ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም ይወረሳል። ስለዚህ አንድ ሰው በስምንቱም ቅድመ አያቶቹ በኩል መጠየቅ ይችል ነበር ማለት ነው። ማን በስምንት በኩል ተሟግቶ ይዘልቃል? የሚያዋጣውን መስመር ይመርጣል፤ ያጠናዋል፤ ዳኛ ፊት ሳይደነቃቀፍ ይወጣዋል። አያትህ የማይዛነፉት ለዚህ ነው። የተዛነፈ ይረታ ነበራ!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ተሻረ። ሙግቱ ቆመ። የሙግቱ ቃል ግን ከተሟጋቾቹ አፍ አልወጣም፤ ክሱ ተረስቶ እሱ ብቻ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። በስልክህ የያዝከው እንግዲህ የክስ ማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻ ደግሞ የሚጠቅመውን ይናገራል፣ የማይጠቅመውን ይዘላል። የእናታቸው ስም የተዘለለው ስለ ተጠላች ላይሆን ይችላል። በእሷ በኩል ያለውን ድርሻ ወንድማቸው ወይም የአጎታቸው ልጅ ይዞት ይሆናል፤ ወይም አክስትህ እንደምትለው መሬቱ በእሷ በኩል መጥቶ ከሆነ፣ ያለ ክርክር የተገኘ ስለ ሆነ መቁጠር አላስፈለገም ይሆናል። ያልተከራከሩበትን ማን ይሸመድዳል?

ስለዚህ አያትህን «የአያትዎ አባት ማን ነበሩ?» ብለህ መጠየቅህን ለጊዜው ተው። እሱን ጨርሰሃል። «ይህን ቆጠራ መጀመሪያ የተናገሩት የት ነው? ማን ነበር የሞገተዎት? ዋስ ማንን ጠሩ? ዳኛው ለማን ያዳላ ነበር? እዚያ ድረስ ሲመላለሱ የት አደሩ፣ ማን አበላዎት? ፍርዱ የተሰጠ ቀን ማታ ቤት ውስጥ ምን ተባለ?» ብለህ ጠይቅ። ያኔ ስም ብቻ የነበረው ሰው ይሆናል። በቅሎ ይመጣል፣ ስንቅ ይመጣል፣ የረታው ጎረቤት ይመጣል። አንዳንዱ ቤት የድሮ የግብር ደረሰኝና የፍርድ ግልባጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ስር ይገኛል፤ ካለ በስልክህ ፎቶ አንሣው፤ ቀኑንና ማኅተሙን አትዝለል።

አክስትህ ጋ ደግሞ ለብቻዋ ሂድ። አያትህ ባሉበት አትጠይቃት፤ በሥራዋ መካከል ጠይቃት፤ እንጀራ ስትጋግር ወይም ሱፍ ስትፈትል። ሴቶቻችን «ተቀመጪና ተናገሪ» ሲባሉ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ፤ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን አፋቸው ይፈታል። የአያትህን እናት ስም፣ ከየት አገር እንደ ተዳረች፣ ስትዳር ምን ይዛ እንደ መጣች፣ ስትሞት ማን ሙሾ እንዳወረደላትና ሙሾው ምን እንዳለ ጠይቃት። ሙሾን አትናቅ። የወንዱ ጀብዱ በፉከራና በቀረርቶ ይቀመጣል፤ የሴቷ ሕይወት ብዙ ጊዜ የተነገረው ልቅሶ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያስታውሱት አስለቃሾቹ ናቸው።

ስትጽፍ የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አድርገው። የአያትህን እንደ ተናገሩት፣ የአክስትህን እንደ ተናገረችው። አንተ በመካከል ገብተህ አትፍረድ፤ አታስታርቅም። በዚህ ረገድ ጥሩ አርአያ አለን። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የአባትየውን አነጋገር እንዳለ ነው ያስቀመጡት፤ ወዲያና ወዲህ የሚለው ጨዋታ፣ ቀልዱ፣ ቁጣው ሁሉ አለ። ልጅየው የታወቀ ገጣሚና ተውኔት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ የአባቱን አረፍተ ነገር «ላሳምረው» አላለም። አንተም አያትህን የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ አታስመስላቸው።

አያትህ ከተቆጡ ደግሞ ይቆጡ። «ለምን ተቆጡ?» የሚለው ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው።

*

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? እኔ የአጣዬ ልጅ ነኝ፤ አሁን ያለሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ከተማችን በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ቤታችንም ሄደ። ሰው ተርፎልናል፣ ተመስገን። የአባቴ ሣጥን ግን ከነፎቶው፣ ከነደብዳቤው፣ ከነወረቀቱ አመድ ሆነ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ለልጆቼ ስለ እሱ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ እጄ ላይ ግን አንድም ነገር የለም። ከምን ልነሣ?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄሽን እንደ ሥራ ጥያቄ ልመልሰው፤ የጻፍሽልኝም እንደዚያ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ከተቃጠሉት ፎቶዎች ተነሺ። ትዝ የሚሉሽን በሙሉ አንድ በአንድ ጻፊያቸው። ማን ቆሞ ነበር፣ ማን ተቀምጦ፣ ከኋላ ያለው የስቱዲዮ መጋረጃ ላይ ምን ተስሎበት ነበር፣ አባትሽ የለበሰው ኮት የራሱ ነበር ወይስ የፎቶ ቤቱ፣ እጁን የማን ትከሻ ላይ አድርጎ ነበር፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነበር ወይስ አልበም ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ እናትሽ ከሁሉ አስቀድማ የምታሳየው የቱን ነበር። እህት ወንድሞችሽም ለየብቻቸው ይጻፉ፤ ሳትነጋገሩ። ከዚያ አስተያዩት። አንዱ «ኮቱ ጥቁር ነው» ይላል፣ አንዱ «ቡናማ ነው»። አንዷ የምታስታውሰውን ፎቶ ሌላው ጨርሶ አያውቀውም። ከዚህ የሚወጣው ጽሑፍ ፎቶዎቹ ቢኖሩ ኖሮ ከምትጽፊው የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ስነግርሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ ፎቶ እጁ ላይ ያለ ሰው «ከላይ እንደሚታየው» ብሎ ያልፋላ።

ቀጥሎ፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው በዚያ ዘመን አንድ ብቻ አሳጥቦ አይቀርም ነበር። ለወዳጅ ይሰጣል፤ ከጀርባው «ለማይረሳኝ ወንድሜ ለማስታወሻ» ብሎ ይጽፍበታል። ስለዚህ የአባትሽ ፎቶ በእናንተ ቤት ቢያልቅም በሰው ቤት አላለቀም። ከማን ጋር ተማረ? ከማን ጋር ሠራ? ሚዜዎቹ እነማን ነበሩ? የማን ሠርግ ላይ ሚዜ ሆነ? የማንን ልጅ ክርስትና አነሣ? ደብረ ሲና፣ ከሚሴ፣ አዲስ አበባ የሄዱትን ዘመዶች ጠይቂ፤ ውጭ ያሉትን በቴሌግራም ጠይቂ። የጠየቅሽው ሰው አልበሙን ሲገልጥ ከፎቶው ጋር ወሬውም ይመጣል፤ እሱን ሳትቀጂ እንዳትመለሺ። ደብዳቤም እንደዚሁ ነው፤ የአባትሽ ሣጥን ውስጥ የነበሩት የተላኩለት ናቸው፤ እሱ የጻፋቸው ያሉት በተቀባዮቹ ቤት ነው። ብዙዎቹ «ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለው ይጀምሩና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው እውነተኛው ጉዳይ የሚመጣው፤ የተሸጠ በሬ፣ የታመመ ልጅ፣ የብድር ገንዘብ። ገጹን ሁሉ አንብቢ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ደብዳቤው ወረቀቱ የተቀባዩ ቢሆንም ቃሉ የጸሐፊው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤን ተቀባዩ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይፋ ማድረግ አይችልም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የአንድ ጽሑፍ መብት ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት በወራሾቹ እጅ ይቆያል። የአባትሽን ደብዳቤ በተመለከተ ወራሾቹ እናንተው ልጆቹ ናችሁ፤ ተስማሙ። የሌላ ሰው ደብዳቤ ከሆነ ግን ልጆቹን ሳትጠይቂ አታትሚ።

ስለ ቃጠሎውም ጻፊ። መቼ እንደ ምትጽፊው አንቺ ታውቂያለሽ። የመጽሐፉ መጀመሪያ ግን አታድርጊው፤ አባትሽ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ኖሯል፤ አንባቢው በእሳት በኩል ከተዋወቀው ሁልጊዜ በእሳት በኩል ነው የሚያየው።

*

«ክብርት ሆይ፤ ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ዓለም ከተማ ነው። የአባቴን አባት ታሪክ እየጻፍኩ ሳለ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በቤታችን አያታችን የውስጥ አርበኛ ነበሩ ሲባል ነው ያደግነው። በገበያ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ግን አያቴ ለጣሊያን መንገድ ይመሩ እንደ ነበር ነገሩኝ። ልጆቼ ‹ተወው› ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ጌታዬ፣ ሸዋ ውስጥ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የውስጥ አርበኛ ያልነበረ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ትንሽም ለማሾፍ ነው። የውስጥ አርበኛ የሚባለው በእርግጥ ነበረ፤ ከጠላት ጋር እየዋለ መረጃና ጥይት በረሃ ለገቡት አርበኞች የሚያሻግር ሰው ባይኖር እነ ራስ አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት እንዴት ይዘልቁት ነበር? ሸዋረገድ ገድሌን የሚያክል ሰው የተነሣው ከዚያ ወገን ነው። ግን ስሙ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ነገር የሚሸፍን ጋቢ ሆነ። አያትዎ ከጋቢው ስር የትኛው ነበሩ? አንድ የቤት ወሬና አንድ የገበያ ወሬ ይዘው ሊፈርዱ አይችሉም። ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ። በ1929 መንገድ የመራ ሰው በ1931 ጥይት ያሻግር ይሆናል። ሰው አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይኖርም።

ስለዚህ ዓመቱን ይክፈሉት። «በጣሊያን ጊዜ» የሚለውን ይተዉና በየዓመቱ ይጠይቁ፤ ያኔ የት ነበሩ? ደመወዝ ነበራቸው ወይ? ቤቱ ተቃጥሎ ነበር ወይስ ተርፎ? በሬያቸውን ማን ወሰደው? ወንድማቸው በረሃ ገብቶ ነበር? በ1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለሉት ከነቤተሰባቸው በመርዝ ጋዝ ሲያልቁ ወሬው ቤታቸው እንዴት ደረሰ፣ ምንስ አሉ? የአርበኝነት ሜዳሊያ ተሰጥቷቸው ከሆነ የምስክር ወረቀት ይኖራል፤ ማን እንደ መሰከረላቸውም ይጠይቁ።

ከዚያ ያገኙትን ሁሉ ከነባለቤቱ ይጻፉ። «አጎቴ እንዲህ ይላሉ፤ በዓለም ከተማ ገበያ ያገኘኋቸው አዛውንት እንዲህ ነገሩኝ» እያሉ። የአዛውንቱን ስም ያለ ፈቃዳቸው አያውጡ። አያትዎ የመሩት ጦር የማንን መንደር እንዳጠፋ የሚያመለክት ነገር ከተገኘ ደግሞ ከማሳተምዎ በፊት ሽማግሌ ይዘው ወደዚያ ቤተሰብ ይሂዱ። የሚሄዱት ይቅርታ ለመጠየቅ ይሁን ለመስማት ብቻ እርስዎ ይወስኑ። ግን ልጆቻችሁ አንድ ገበያ ይውላሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ከመጽሐፍ ላይ እንዲያነቡት አይተዉአቸው።

ልጆችዎ «ተወው» ማለታቸውን አልነቅፍም፤ ክርክሩን ግን ይጻፉት። ከርስዎ አገር ከመርሐቤቴ የተነሡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የስንቱን ሰው የሕይወት ታሪክ ሰብስበው ጽፈዋል። የትልልቆቹን ጽፈውልናል። ለጣሊያን መንገድ መራ የተባለውን ገበሬ የሚጽፍልን ግን ከልጅ ልጁ ሌላ ማንም የለም።

*

«አያቴ መቼ እንደ ተወለደች አታውቅም። የምትለው ‹ጣሊያን እያለ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ክርስትና የተነሣሁት ለቃና ዘገሊላ ነው› ብቻ ነው። ከዚህ ምን ይገኛል? — ከእነዋሪ»

ብዙ ይገኛል! አያትሽ የልደት ሰርተፍኬት ነው የነገረችሽ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍዪ፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ። (የቤተ ክህነት ሰዎች መጀመሪያ 5500 ይደምሩበታል፤ 5500 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል ውጤቱ ያው ነው።) ከ1928 እስከ 1933 ባለው ውስጥ 3 የሚተርፈው 1931 ብቻ ነው። ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ጥቅምት 22 ገደማ ትደርሻለሽ። ጥቅምት 1931። «ገደማ» ያልኩት ክርስትናው በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት ሊዘገይ ስለሚችል ነው።

ለሌሎቹም ዘመዶችሽ እንደዚሁ አድርጊ። የሰገሌ ዘመቻ ጥቅምት 1909 ነው፤ የኅዳር በሽታ 1911፤ የታኅሣሥ ግርግር 1953። «በረሃቡ ጊዜ» ሲሉሽ ግን ወዲያው አትጻፊ፤ የ66ቱ ነው ወይስ የ77ቱ? ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ ብለሽ ለዪ።

*

«እትዬ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሲነበብ ሰው ያለቅሳል። አሁን የአያቴን ታሪክ በልቦለድ መልክ ጀምሬያለሁ። ሥራዬን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ድርሰት ላይ ላድርግ ወይ? እናቴ ‹በድርሰት እንጀራ አይበላም› ትለኛለች።»

እናትሽ ልክ ናቸው፤ ሥራሽን አትልቀቂ።

አዝናለሁ፣ እንዲህ ደረቅ ማለቴ ስላገኘሁሽ ደስ ብሎኝ ነው። በአገራችን መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው በአብዛኛው የማተሚያውን ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል፣ አዟሪው ድርሻውን ይወስዳል፤ ለአንቺ የሚመለሰው ዘግይቶና ተቆራርጦ ነው። ይህን የምታውቂው ሥራ ይዘሽ ከሆነ ያናድድሻል፤ ሥራ ሳትይዢ ከሆነ ግን መጻፍሽን ያስቆምሻል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ መንግሥቱ ለማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ፋብሪካ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያንሳል ብለሽ እንደሆነ፣ ለደራሲ አያንስም። በፈረቃ መካከል ሴቶች ሲጨዋወቱ የምትሰሚውን ማንም ሚኒስትር አልሰማም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ስለ ቀብሩ ጽሑፍ። አንቺ ሳታውቂው በአገራችን በብዛት የሚጻፈውን የቤተሰብ ታሪክ እየጻፍሽ ነው። አንድ ገጽ፣ አንድ ቀን፣ ብዙ አድማጭ። ግን ሰው የሚያለቅሰው በጽሑፉ ነው ወይስ በሬሳው? ይህን ለይተሽ እወቂ። ብዙዎቹ አንድ ናቸው፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…፤ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ»። ስሙን ብትቀይሪው ለሌላ ሰው ይሆናል። ለልቅሶ ይህ ይበቃል፤ ለልቅሶ ደግሞ እንዲያውም እንዲህ ነው የሚያስፈልገው። ለመጽሐፍ ግን አይሆንም።

ስለዚህ እስካሁን ከጻፍሻቸው አንዱን አውጪ፤ የምታውቂያቸውን ሰው። «ለተቸገረ ደራሽ» ያልሽውን ሰርዢና ለማን፣ መቼ፣ ምን ይዘው እንደ ደረሱ ጻፊ። ካላወቅሽ የሚያውቅ ጠይቂ። «ሰው አክባሪ» ያልሽውን ሰርዢና ያላከበሩትን አንድ ሰው አግኚ፤ ሁሉም ሰው አንድ ያላከበረው አለው። ከዚያ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» በሚለው ቦታ ትምህርት ቤት ያልሄዱበትን ምክንያት ጻፊ፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው አልሄደምና። ይህን ስትጨርሺ አንድ ገጹ አምስት ይሆናል። የአያትሽንም እንደዚህ ጀምሪ።

ልቦለድ ወይስ እውነተኛ ታሪክ? ይህን አሁን አትወስኚ። ግን ከወሰንሽ በኋላ አታደባልቂ። እውነተኛ ታሪክ ካልሽ ያልተነገረሽን ንግግር በአያትሽ አፍ አታድርጊ። ልቦለድ ካልሽ ስሙንም፣ መንደሩንም፣ የበሬውንም ቀለም ቀይሪ፤ ዘመዶችሽም «ይህ እኮ አልነበረም» ሲሉሽ አትከራከሪያቸው።

ስለ ጊዜ ደግሞ፣ የሌሊት ፈረቃ ሳምንት ላይ እንዳትጽፊ፤ ያን ሳምንት አንብቢ፣ ሰው ጠይቂ፣ በድምፅ የቀዳሽውን ወደ ጽሑፍ ገልብጪ። መገልበጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አጭር ጨዋታ ለመገልበጥ ጨዋታው ከወሰደው ብዙ እጥፍ ይፈጃል፤ ጭንቅላት ግን ብዙ አይጠይቅም። የቀን ፈረቃ ሲሆን ማለዳ ላይ ጻፊ። የደብረ ብርሃንን ማለዳ ብርድ አውቀዋለሁ፤ ጋቢ ደርቢ። ጥቂት ገጽ ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ ይህ ለሁሉም አንባቢ የምለው አይደለም።

*

«ዕድሜዬ 74 ነው። የጻፍኩት በእጅ ሦስት ደብተር ሞልቷል። ማሳተሚያ ገንዘብ የለኝም። ድካሜ ለምን ይሆን? — ከሰላ ድንጋይ»

አባቴ፣ የሰሜን ሸዋው ተወላጅ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጽሑፉ ስለ ተቀመጠ ታተመ። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀመጥ።

ደብተሮቹን የልጅ ልጅዎ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ያንሣቸው፤ በደመና ቀን ሳይሆን ብርሃን ባለበት፣ ደጅ ላይ። ፎቶዎቹን ለሁለት ዘመድ ይላክ፤ አንዱ ሰላ ድንጋይ የማይኖር ይሁን። ከቻለ ይተይበው፤ ካልቻለ የእጅ ጽሕፈትዎም ይበቃል። ከተማ ውስጥ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ለልጆችዎ ያህል አባዝቶ በስፓይራል ይጠርዝልዎታል፤ ይህ የማተሚያ ቤት ወጪ አይደለም። አንድ ቅጂ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ እንዲቀበሉዎ ይጠይቁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉ ስምዎን፣ የተወለዱበትን አጥቢያና የጻፉበትን ዓመት ያስፍሩ፤ በጽሑፉ ውስጥ በቅጽል ስም ብቻ የጠሯቸውን ሰዎች ሙሉ ስም ደግሞ መጨረሻው ገጽ ላይ ይዘርዝሩ። «አባ ዳኘው»ን እርስዎ ያውቋቸዋል፤ ለልጅ ልጅዎ ልጅ ግን በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው የሚባሉት ምኒልክ ናቸው የሚመስሉት።